ከሮማን ሥር ምን ይተከል? ፀሐይ ለሚበዛበት የጎንደር ግቢ ጎረቤት ተክል አመራረጥ

ከሮማን ሥር ምን ልትከል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው የአበባ ስም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ቧንቧችሁ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የጣራችሁ ውሃ በክረምት የት ላይ ይወርዳል? ጎንደር ውስጥ የግቢ ተክል የሚሞተው በሁለት ነገር ነው። ወይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ በውሃ ይታፈናል፣ ወይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይደርቃል። ሁለቱንም የሚችል ጎረቤት ካገኛችሁ ቀለሙም መዓዛውም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ተክል የምንመርጠው በጥማቱ ነው። አበባውን በኋላ እናየዋለን።

ለምን ሮማን?

ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው ትንሽ ዛፍ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ "ለትንሽ ግቢ የሚሆን ዛፍ" ብላችሁ ብትፈልጉ ቶሎ ብቅ የሚለው ድንኩ የጃፓን ሜፕል ነው። ቅጠሉ ቀጫጭን ሆኖ የተሰነጣጠቀ፣ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ብርቱካንማ። ያምራል፣ አይካድም። ለእኛ ግን አይሆንም። ሜፕል በዓመት አንዴ ቅጠሉን አራግፎ በከባድ ብርድ መተኛት የሚፈልግ ዛፍ ነው። የጎንደር የታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ቢያስደርብም ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚወርደው፤ ይህ ለሜፕል እንቅልፍ አይበቃም። በዚያ ላይ የበጋው ደረቅ ነፋስና የከሰዓት ፀሐይ የቅጠሉን ጫፍ ይጠብሰዋል። በገዛ አገሩ እንኳ ጠንካራ የከሰዓት ፀሐይ አይወድም።

ሮማን ተቃራኒው ነው። ፀሐይ ሲበዛለት ያብባል፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅ ይችላል፣ ቁመቱን በመቀስ መያዝ ይቻላል። ዝም ካሉት ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሄዳል። አንድ ሜትር አካባቢ ላይ የሚቆም ድንክ ዓይነትም አለ፤ ፍሬው ትንንሽ ስለሆነ ለመብል ብዙም አይሆንም፣ ለውበት ግን በጣም ጥሩ ነው፤ ትልቅ ማሰሮ ውስጥም ይኖራል።

ከሜፕል አትክልተኞች ግን አንድ ትምህርት እንውሰድ። የዛፋቸው ሥር ከላይ ከላይ የሚሄድ ስለሆነ አጠገቡ መቆፈር አይወዱም። ከሥሩ የሚተክሉት አጫጭር፣ ውሃ የማይሻማ፣ አንዴ ከተተከለ የማይነቃነቅ ነገር ነው። የሥሩን መሬት በድንጋይና በዝቅተኛ ቅጠል ያለብሱታል፤ ዛፉ ራሱ ፀሐይ ላይ ሆኖ ሥሩ ቀዝቀዝ ይላል። አብዛኛው የሮማን ሥርም ከላይኛው የአፈር ክፍል ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ዘዴው እንዳለ ይሠራል፤ የሚቀየረው የተክሎቹ ዝርዝር ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ ፀሐዩን ተከታተሉ

አንድ የእረፍት ቀን ይበቃል። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። ሮማን ቢያንስ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ቅጠል ይበዛል፣ አበባ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ጎንደር ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አይሄድም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በትንሹ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። በቀረው ጊዜ፣ ማለትም በዋናው የበጋ ወራት፣ በደቡብ በኩል ነው። በበጋ የዛፉ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ማለት ነው። ከሰዓት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይዞራል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። የሮማኑ ደቡብና ምዕራብ ጨካኝ ጎን ነው፤ እዚያ ሬትና የጥብስ ቅጠል ይቁም። ሰሜንና ምሥራቁ ገራም ጎን ነው፤ ጦስኝና በሶብላ እዚያ ይሂድ። ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በወረቀት ላይ ንድፍ አድርጉት። ንድፍ ያልያዘ ሰው ችግኝ ጣቢያ ሲገባ ያማረውን ሁሉ ጭኖ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛ፦ አፈሩን ፈትኑ

ጎንደር ውስጥ ከአንዱ ሰፈር አንዱ ሰፈር አፈሩ ይለያያል። ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ድንጋያማ አፈር ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ሜዳው ላይ፣ ወደ አዘዞና ወደ ደንቢያ ስትወርዱ፣ ዋልካ ይበዛል። ዋልካ በክረምት እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዋልካ ክፉ አፈር አይደለም፤ ለምለም ነው። ሮማንና መዓዛማ ቅጠሎች ግን እግራቸው ውሃ ውስጥ መቆሙን አይወዱም።

ፈተናው ይህ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበትና እስኪሰርግ ጠብቁ። እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ችግር የለም። በማግስቱ ጠዋት ገና ተኝቶ ካገኛችሁት ደግሞ እዚያ ጠፍጣፋ መሬት ላይ አትትከሉ፤ መደብ ሥሩ።

መደቡ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ጎንደር ላይ ድንጋይ ሞልቷል፤ ጥቁሩን ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ደርድሩት፣ በመሐሉ ውሃ ይወጣል። ውስጡን ከግቢው አፈር፣ ከበሰበሰ ፍግና ከኮምፖስት ቀላቅሉ። ፍጉ ካልበሰበሰ ሥር ያቃጥላል፤ ሲሸቱት የበረት ሽታ ካለው ገና ነው። ዋልካን ለማሻሻል አሸዋ ብቻ መጨመር ግን አያዋጣም። ትንሽ አሸዋ የገባበት ዋልካ ሲደርቅ ጭራሽ ይጠነክራል። ፍግና ኮምፖስት ይሻላል።

አሸንዳ ካላችሁ ውሃው መደቡ ላይ እንዳይወርድ አዙሩት። በርሜል ውስጥ ቢገባ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ መስከረም ላይ የሚቀረው ውሃ ለጥቅምት ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ሦስት ክብ አስምሩ

ከሮማኑ ግንድ ላይ ገመድ እሰሩና መሬቱ ላይ ክብ አስምሩ።

የመጀመሪያው ክብ ከግንዱ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ ምንም አይተከልም። ጠፍጣፋ ድንጋዮችና ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ጭድ ወይም ደረቅ ሣር) ብቻ። ጉዝጓዙም ግንዱን አይንካ፤ አንድ ጭብጥ ያህል ክፍት ይተው፣ አለበለዚያ የግንዱ ልጣጭ በክረምት ይበሰብሳል። ሮማን ከሥሩ አዳዲስ ቡቃያ የማውጣት አመል አለው። ይህ ቦታ ባዶ ከሆነ ቡቃያውን ቶሎ አይታችሁ ትቆርጡታላችሁ።

ሁለተኛው ክብ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ነው። ከጉልበት በታች የሆኑ፣ ሥራቸው ቀጭን፣ ውሃ የማይጠይቁ ተክሎች ቦታ ነው። ሦስተኛው ክብ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ እስከ ወገብ የሚደርሱት እዚያ ይቆማሉ። ድንኩን ሮማን ከተከላችሁ ቁጥሮቹን ሁሉ በግማሽ ቀንሱ።

ሮማኑ ራሱ ከቤት ግድግዳ ሁለት ሜትር፣ ድንኩ አንድ ሜትር ይራቅ። ግድግዳን የሚፈታተነው የሮማን ሥር ሳይሆን የዋርካ ወገን የሆኑት ዛፎች ሥር ነው። ፋሲል መዋኛ ሄዶ በግንቡ ላይ የተጠመጠመውን ሥር ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ለፎቶ ግሩም ነው፣ ለብሎኬት አጥር ግን አይሆንም።

አራተኛ፦ ጎረቤቶቹን ምረጡ

ከጤናዳም ልጀምር፤ ለእኔ ከሁሉም አንደኛው እሱ ነው። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ አረንጓዴ ነው። ከሮማኑ ቀይ አበባ ሥር ሲታይ ሁለቱም ይደምቃሉ። ከግማሽ ሜትር ብዙ አይበልጥም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅ ይችላል። ቡና ሲፈላ አንድ ዘለላ ይቆረጣል። ከሠፈር ሰው ጋርም ያገናኛል፤ "እስቲ ጤናዳም ካለ አንዲት ዘለላ" የሚል ልጅ በሩን ሳያንኳኳ የሚያልፍ እሑድ የለም።

ነገር ግን ጥንቃቄ አለው። የጤናዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ከነካና ቆዳው ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ወዲያው አይታወቅም። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ጠባሳ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ለቡና አንድ ዘለላ መቁረጥ ያን ያህል አያሰጋም። ቁጥቋጦውን በሙሉ ስትከረክሙ ግን ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ሥራውን ፀሐይ ከጠለቀ በኋላ ሥሩት፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናት የሚጫወቱበት ጥግ ላይም አትትከሉት።

የጥብስ ቅጠል ሁለተኛው ነው። ሮዝመሪ የምንለው። ጨካኙን የደቡብና የምዕራብ ጎን ያለ ጭንቀት ይችላል። ቁመቱ አንድ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ሦስተኛው ክብ ላይ ይሁን። ሲቆረጥ ቅጠል ያለውን ክፍል ብቻ ቁረጡ። ቅጠል የሌለው ደረቅ እንጨት ድረስ ከወረዳችሁ ያ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አያቆጠቁጥም።

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው፤ ከደባርቅ በላይ በሰሜን ተራሮች ደጋ በየድንጋዩ መሐል ይበቅላል። ጎንደር ከተማ ለእሱ ትንሽ ቆላ ትሆንበታለች። ስለዚህ ገራሙን ጎን ስጡት፤ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት ሮማኑ ያጥላለት። በድንጋዮች መሐል፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ ጠጠር በበዛበት አፈር ላይ ትከሉት። መሬት ላይ ተነጥፎ ስለሚሄድ ለሁለተኛው ክብ የተሠራ ነው። ሻይ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው አልነግርም።

ሬት ለደቡቡ ጥግ። በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ባለበት ሰዓት፣ ረጅም አገዳ አውጥቶ ቀይ ወይም ብርቱካንማ አበባ ያብባል። ሾጣጣ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች የአበባውን ማር ፍለጋ ይመጡለታል። ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሾህ ስላለው ከመተላለፊያ ራቅ ይበል።

ጠጅ ሳር ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ውጭ የሚያዘነብለው ረጅም ቅጠሉ ከሮማን ትንንሽ ቅጠል ጋር በጣም ይስማማል። ግን ይጠማል። ስለዚህ ከመደቡ ውጭ፣ ውሃ ሲፈስስ በሚያርፍበት ዝቅተኛ ቦታ ትከሉት። አንድ ብቻ ይበቃል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እቅፍ ይሞላል።

ኮሰረትም እንዲሁ ለሦስተኛው ክብ ነው። ቁጥቋጦ ስለሚሆን በየጊዜው መከርከም ይፈልጋል። ደግሞ ጉዳት የለውም፤ ቅቤ ሲነጠር ይቆረጣል። ጀራኒየም ለጀማሪ የሚመከር ነው፤ ቆርጦ ግማሽ ቀን ጥላ ላይ አስቀምጦ መትከል ብቻ ነው፣ ይይዛል። ነጩን ወይም ጥቁር ቀዩን ምረጡ። ሮዝ ቀለሙ ከሮማን ብርቱካንማ ቀይ ጋር ይጋጫል። ይህ የእኔ ዓይን ነው፤ ከወደዳችሁት ማን ይከለክላችኋል?

በሶብላ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚኖር፣ ውሃ የሚፈልግ ነው። ከሮማኑ ጋር መሬት ውስጥ አትቀላቅሉት። በጣሳ ተክላችሁ በጣሳው ሆኖ ገራሙ ጎን ላይ አቁሙት፤ ውሃውን ለብቻው ይጠጣ።

አደይ አበባ የሚተከል ሳይሆን የሚተው ነው። ክረምት ገብቶ ሲበቅል ከሁለተኛው ክብ ወዲያ ያለውን አትንቀሉ። መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ይደርቃል፣ ያልቃል። ከሮማኑ ጋር የሚሻማበት የበጋ ወር የለውም። ሁለተኛው ክብ ውስጥ የበቀለውን ግን ገና ጣት ሲያህል ንቀሉ፤ ቁመቱ ለጦስኙ ጥላ ይሆንበታል።

ሽምብራ፦ ለመጀመሪያው ዓመት

ሮማኑ ገና ችግኝ ሲሆን ክቦቹ ባዶ ይሆናሉ። ባዶ መሬት ደግሞ ጎንደር ላይ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ አረም ይወርሰዋል። መልሱን ከደንቢያ ገበሬ እንውሰድ። ዝናቡ ሊወጣ ሲል መስከረም ላይ ሽምብራ ዝሩ። ሽምብራ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል፤ ተጨማሪ ውሃ ብዙም አይጠይቅም። ዋልካ ላይ ደግሞ እንዲያውም ይመቸዋል። ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው፣ መሬቱን ይሸፍናል፣ ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ለአፈሩ ይሰጣሉ።

ከግንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ራቁ። ታኅሣሥ አካባቢ እሸቱን ልጆቹ ይጨርሱታል። ሲያልቅ ግን እንደ ማሳው ነቅላችሁ አታውጡት። በመቀስ ከመሬት ወለል ላይ ቁረጡት፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ይበስብስ፤ ጥቅሙ ያለው እዚያ ነው። ግንዱን ደግሞ ጉዝጓዝ አድርጉት።

የማይሆኑት

ጎመን ከዛፍ ሥር የመትከል ልማድ አለን። ግቢ ጠባብ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጎመን ለስላሳ ቅጠል የሚያወጣው ቶሎ ቶሎ ውሃ ሲያገኝ ነው፣ አፈሩም በየጊዜው መቆፈር አለበት። ሮማን ሥሩ ሲቆረጥና ሥሩ ሥር ውሃ ሲተኛ አይወድም። ጎመኑን በሌላ ጥግ፣ የወጥ ቤቱ እጣቢ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት።

ጽጌረዳ ላይ ሰዎች ይከራከሩኛል። ጽጌረዳ ውብ ነው፤ ፍግ ይወዳል፣ ውሃም ይወዳል። እሱን ለማጥገብ ስታጠጡ ሮማኑ ቅጠል ብቻ ያበዛል። ፍሬ ካለው ደግሞ ይሰነጠቃል። የሮማን ፍሬ የሚሰነጠቀው አንዴ ደርቆ አንዴ ውሃ ሲሞላበት ነው። ጽጌረዳ የግድ ካላችሁ ሦስት ሜትር ራቁ።

ሰርዶን አንድ ቀን አታሳድሩት። ከመሬት በታችም ከላይም ይሄዳል። በጦስኝ መሐል ከገባ ጦስኙን ካልነቀላችሁ አይወጣም። ከመትከላችሁ በፊት የሰርዶውን ሥር እየለቀማችሁ አውጡና አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ላይ ፀሐይ ይብላው፤ ኮምፖስት ውስጥ ከጣላችሁት ይበቅላል። እንግጫም ከሥሩ ሳይነቀል ከቀረ ይመለሳል፤ ለዕንቁጣጣሽ የሚፈልጉት ልጆች ሲመጡ ደህና አድርገው እንዲነቅሉላችሁ ፍቀዱላቸው።

የወፍ ቆሎ አበባው ያታልላል። ወፎች ፍሬውን በልተው በየቦታው ይዘሩታል፣ ለከብትና ለበግም መርዝ ነው። አጥሩ ላይ ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ደግሞ ሮማኑን ከዚያ በተቻለ መጠን ያርቅ። የባሕር ዛፍ ሥር ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፣ የሚረግፈው ቅጠሉም ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳይበቅል ያስቸግራል። ጌሾ? ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ያስፈልጋል፤ ግን ራሱ ዛፍ አከል ስለሆነ አጥር ጥግ ይሂድ።

አምስተኛ፦ ከየት ይገኛል፣ ምን ይታያል

ሮማኑን ከችግኝ ጣቢያ ግዙ። ላስቲኩን ከሥር አገላብጡ። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ ወደ መሬት የገባ ከሆነ ሲነሣ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ተዉት። ላስቲኩ ውስጥ ክብ እየሠራ የተጠመጠመም እንደዚያው። በቁመት ረጅሙን ሳይሆን ግንዱ ወፍራም የሆነውን አጭሩን ምረጡ። ሻጩ "ይኼ ይሻላል፣ ረጅም ነው" ይላችኋል። ፈገግ ብላችሁ አጭሩን አንሡ።

ሌሎቹን ግን መግዛት ብዙም አያስፈልግም። ከጎረቤት ጤናዳም፣ ከዘመድ ጀራኒየም ይገኛል። ቅዳሜ ገበያ ላይ በእስር የሚሸጠው የጥብስ ቅጠል ራሱ ችግኝ ሊሆን ይችላል፤ የዚያኑ ቀን የተቆረጠ ከሆነ። ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው ለስላሳ ጫፍ ምረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ጥላ ላይ አቆዩት። ሁሉም አይዝም፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን እጥፍ ስኩ።

ከአንድ ዓይነት ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በአንድ ቦታ ትከሉ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ካደረጋችሁ ግቢው የተዝረከረከ ይመስላል። ሦስት ጤናዳም በአንድ ጎን፣ አንድ ጠጅ ሳር በሌላ ጎን፣ በመሐል የተነጠፈ ጦስኝ፤ ለአንድ ሮማን ይህ በቂ ነው።

ስድስተኛ፦ መቼ ይተከል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁሉንም ሰኔ ላይ ይተክላል። ዝናብ ስለሚመጣ ውሃ ማጠጣት ይቀራል ብሎ ነው። ለሮማኑ ልክ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ትከሉት። ላስቲክ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይሁን፣ ግንዱ በአፈር አይቀበር። ጠጅ ሳርና ኮሰረትም ሰኔ ይስማማቸዋል።

ጤናዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ግን መስከረም ይጠብቁ። ገና ሥር ያልያዘ ችግኝ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ሁለት ወር ሙሉ ከተቀበለ ይበሰብሳል። መስከረም አጋማሽ ላይ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ግን ይከፈታል። ያኔ የተተከለ ከበጋው በፊት ሥር ይሰዳል።

ስትተክሉ ሌላም ነገር አስቡ፦ እግር። በየቀኑ የሚቆረጠው ተክል ወደ ወጥ ቤት በር በሚያመራው ጎን ይሁን፣ ፊቱም ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥ። አለበለዚያ ቡና በተፈላ ቁጥር የሮማኑ ሥር ይረገጣል፣ አፈሩም ይደነድናል። የደነደነ አፈር ውሃ አያስገባም።

ሰባተኛ፦ ውሃና ጉዝጓዝ

በመጀመሪያው በጋ ለሮማኑ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ይበቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጠልቆ እንዲሰርግ ማጠጣት ይሻላል። ጥቂት ጥቂት የጠጣ ሥር ከላይ ይቀራል፣ መጋቢት ላይ ይጠበሳል። ማታ ወይም ገና ሳይነጋ አጠጡ። ውሃው ከግንዱ ላይ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ በዙሪያው ይፍሰስ።

ቧንቧ ለሚጠፋበት ቤት ባዶ ሃይላንድ ትልቅ ነገር ነው። ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ ብሱ፣ ቂጡን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ ቅበሩት፣ ከላይ ሙሉት። ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ለአንድ ሮማን ሦስት አራት ቦታ ይበቃል። አትክልትና እህል የታጠበበት እጣቢም ይሆናል። በረኪና የነካውን ወይም ላርጎ የበዛበትን ግን አትድፉበት።

ጉዝጓዙ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይሁን፤ ውፍረቱ አንድ ጭብጥ ያህል። ለቡና የተጎዘጎዘው ሣር ሲደርቅ ሰብስባችሁ እዚያው አድርጉት፤ ሰርዶ የተቀላቀለበት ካልሆነ። የቡና አተላ ደግሞ በቀጥታ ወፍራም አድርጋችሁ አትጣሉ፣ ሲደርቅ ጋግሮ ውሃ ይከለክላል። ኮምፖስቱ ውስጥ ይቀላቀል። በጦስኝና በጤናዳም ዙሪያ ጭዱን አሳሱ፤ እነሱ ከጭድ ጠጠር ይመርጣሉ።

ሮማኑ ማበብ ከጀመረ በኋላ ውሃው እኩል እኩል ይሁን። ፍሬ ይዞ ሳለ ሦስት ሳምንት ረስታችሁት ከዚያ ሁለት ጀሪካን ብትደፉበት ቆዳው ይተረተራል።

ከዚያ በኋላ

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ መቀሱን አውጡ። ከሥር የወጡትን ቡቃያዎች ከመነሻቸው ቁረጡ። ወደ ውስጥ የሚያድጉትንና የሚፋተጉትን ቅርንጫፎች አንሡ። አንዳንዱ ሮማን እሾህ ስላለው ዓይናችሁን ጠብቁ። ቅርንጫፉ ሲሳሳ ፀሐይ ወደ ጎረቤቶቹ ይደርሳል።

ለጋ ጫፎች ላይ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ካያችሁ መጀመሪያ በውሃ ግፊት አጥቡት። ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ካልተወ ጥቂት ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ማታ ርጩት፣ ጠዋት እጠቡት።

በሁለተኛው ክረምት ጠጅ ሳሩን ነቅላችሁ ለሁለትና ለሦስት ክፈሉት፤ አንዱን ቁራጭ መልሱት፣ የቀረውን ለጎረቤት ስጡ። ጤናዳሙ ግንዱ እንጨት ሆኖ ከታች ከተራቆተ አዲስ ጫፍ ቆርጣችሁ ሰክታችሁ ይያዝ፣ ከዚያ አሮጌውን አውጡ። ስታወጡት በአካፋ ፈንቅላችሁ የሮማኑን ሥር አታንሡበት። ከመሬት ወለል ላይ ቁረጡትና ሥሩን እዚያው ተዉት፤ አዲሱን አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጋችሁ ትከሉ።